አክስቴ አባቴን ያሰረችበት ፀደይ

አክስቴ አባቴን ስታስረው በዓይኔ አይቻለሁ። ያሰረችው በእናቴ አበባማ ሻርፕ ነው። ጠዋት ነበር፤ እናቴ ወደ ሥራ ወጥታለች፤ የወጥ ቤቱ መስኮት ተከፍቶ የጎረቤት ዶሮዎች ሲንጫጩ ይሰማል። አክስቴ የአባቴን ግራ እጅ ወደ ጎኑ አስጠጋች፣ ሻርፑን በወገቡ ዙሪያ አዞረችና ከጀርባው ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ከምራ፣ መሐሉን በጣቶቿ ጎድጎድ አድርጋ እንቁላል ሰበረችበት።

"በል ጀምር" አለችው።

አባቴ ቀና ብሎ አያት። የተንጠለጠለውን ቀኝ እጁን በትከሻው ጎትቶ አምጥቶ ዱቄቱ ላይ ጣለው። እንቁላሉ የዱቄቱን አጥር ጥሶ በጠረጴዛው ጠርዝ ወረደና ጫማው ላይ ተንጠባጠበ። አክስቴ አልጠረገችለትም። እኔ በሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ፣ ይህቺ ሴት ከቤታችን የምትወጣበትን ዘዴ ማሰብ ጀመርኩ።

ስድስት ዓመቴ ነበር። የምማረው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ቤት እውላለሁ፤ ስለዚህ የአባቴ ብቸኛ ምስክር እኔ ነበርኩ።

አባቴ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው። ፀጉር ቤቱ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን ነበር። ከእሱ በላይ ወሬ የሚችል ሰው አላውቅም። ፀጉር እየቆረጠ ታሪክ ይጀምራል፤ ደንበኛው የሚስቀው ልክ አባቴ ጨርቁን ከአንገቱ ላይ አንስቶ ሲያራግፍ ነው። ሰዎች ፀጉራቸው ሳያድግ የሚመጡት ለዚህ ነው ይባል ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት ግን አንድ ቀን ከጨዋታ ስመለስ አባቴ የለም። "አባባ ትንሽ አሞት ነው" አለችኝ እናቴ። ብዙ ቆይቶ እግሩን እየጎተተ ሲመጣ ከስቶ ነበር፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ አይናገርም፤ ቀኝ እጁን አያነሳም።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። አባቴ አኩርፏል። በቤታችን ያኮረፈ ሰው አይናገርም፣ አፉን ወደ ጎን ያጣምማል፣ የሰጡትን ነገር በእጁ አይቀበልም። እኔም ሳኮርፍ የማደርገው ይህንኑ ነው። የእሱ ኩርፊያ ከእኔ የሚለየው በርዝመቱ ብቻ ነበር፤ ትልቅ ሰው ስለሆነ ኩርፊያውም ትልቅ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶ ግማሽ አካሉን እንደያዘበት የነገረኝ ሰው የለም። "ስትሮክ" የሚለውን ቃል ከእናቴ አፍ የሰማሁት ጡቴ ማጎጥጎጥ ከጀመረ በኋላ ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሌላ ከተማ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል ዋና ወጥ ሠሪ ነበረች። አጭር፣ ደንደን ያለች፣ ስትራመድ ብርጭቆዎቹን የምታንጫጫ ሴት። የመጣችው ዝናቡ አቁሞ አትክልት ተራው አረንጓዴ በአረንጓዴ በሆነበት ሰሞን ነው። ሁለት ሻንጣ ይዛለች። አንዱ ውስጥ ልብስ አለ፤ ሌላው ውስጥ የሊጥ መዳመጫ፣ ቢላዎች፣ ማጥለያና ሽርጥ። እንግዳ ሆና የመጣች ሰው የራሷን ቢላ ይዛ ስትመጣ እኔም ጥርጣሬ ቢገባኝ አይፈረድብኝም።

ገና ሻይዋን ሳትጨርስ እናቴን "አትዘኚለት" ስትላት ሰማሁ።

"እትዬ፣ እንዴት አላዝንለት?"

"ካዘንሽለት እዚያው ይቀራል።"

እዚያው የተባለው አልጋው መሰለኝ። አባቴ አልጋው ላይ ቢቀር ደግሞ ለእኔ ምንም ክፋት አልነበረውም። ጠዋት ከጎኑ ገብቼ ዳቦ እበላለሁ፤ ፍርፋሪው ሲፈስ የሚቆጣኝ የለም። እናቴ አቅፋ ታጎርሰዋለች፣ አቅፋ ታለብሰዋለች። ከእንዲህ ያለ ምቾት ሰውን የምታስነሳ ሴት ጤነኛ አልመሰለችኝም።

ሆስፒታሉ አንዲት ቀይ የጎማ ኳስ ሰጥቶት ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ በቀኝ እጁ እንዲጨምቃት፣ ሲበረታ ደግሞ ደህናውን እጅ እያሰሩ በታመመው ብቻ እንዲያሠሩት ለእናቴ ነግሯት ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። እኔ የማውቀው ኳሷ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ተወርውራ ጓሮ ውስጥ መውደቋን ነው። ለእኔ የተላከች ስጦታ አድርጌ ወሰድኳት። አክስቴ በኳሷ ስጫወት ቆማ አየችኝ። ከየት እንዳመጣኋት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ወዲያው ገብታ የመኝታ ቤቱን በር ዘጋች። በሩ ግን ወሬ የሚያሳልፍ በር ነው።

"ኳስ አልጨምቅም አልክ? እሺ። እኔም ብሆን አልጨምቅም፤ የልጅ ዕቃ ነው። ሊጥ ትጨምቃለህ።"

ነገሩ በዚህ ገባኝ። አባቴ የሚቀጣው ኳስ ስለጣለ ነው። ሻርፑን ባየሁ ማግስት ኳሷን አጥቤ በአክስቴ ትራስ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ዕቃው ከተመለሰ ቅጣቱ ይቀራል ብዬ። ጠርታ መለሰችልኝ። "አንቺ ተጫወቺባት የኔ ልጅ" አለች። "አባትሽ ሌላ ሥራ አለው።"

ሥራው በየቀኑ ነበር። አክስቴ ከጠረጴዛው በወዲያ በኩል የራሷን ሊጥ ታሻለች፣ አባቴ በወዲህ በኩል የራሱን። የእሷን ማየት እወድ ነበር፤ ብጠላትም እወድ ነበር። ሊጡን በመዳፏ ግርጌ ገፍታ ታጥፈዋለች፣ ዞር አድርጋ ደግሞ ትገፋዋለች፤ ትከሻዋ አይቸኩልም። መጀመሪያ ተሰነጣጥቆ የነበረው ነገር ሳላውቀው እንደ ጆሮ ጫፍ የለሰለሰ ሆኖ ይገኛል። የአባቴ ግን እስከ መጨረሻው የተሰባበረ ግድግዳ ይመስል ነበር። ጣቶቹ አይዘረጉም። ጭብጥ እንዳሉ ሊጡ ላይ ይወድቃሉ፤ ይነሳሉ፤ ይወድቃሉ። ላቡ ከግንባሩ ዱቄቱ ውስጥ ሲንጠባጠብ አክስቴ "ጨው በዛ" ትላለች። አባቴ አይስቅም።

ከዚያ የባሰ የሚያናድደኝ ምሳ ሰዓት ላይ የሚመጣው ነበር። የእሷን ያማረ ሊጥ እንደ ወረቀት ዳምጣ፣ እንደ ሪባን ቆርጣ፣ ፓስታ አድርጋ፣ በሣህን ሸፍና ለጎረቤት ትልከዋለች። ለእኛ የምትቀቅልልን የአባቴን ነው፤ አንዱ ጎኑ የወፈረ፣ ሌላው የሳሳ፣ አፍ ውስጥ እንደ ማስቲካ የሚመላለስ። ለባዳ ጥሩውን፣ ለቤት ልጅ መጥፎውን የምትሰጥ ሴት ብዬ ያዝኩባት። አሁን ሳስበው፣ አባቴ ከሆስፒታል ከመጣ ጀምሮ ለቤቱ ያቀረበው የመጀመሪያ ነገር እሱ ነበር። አክስቴ ደግሞ የተሻለ ነገር አጠገቡ እንዳይቀመጥ ታደርግ ነበር። እናቴ ከሥራ ስትመለስ የደረቀውንም የተጣበቀውንም ትበላለች፤ ሣህኗን በዳቦ ትጠርጋለች። ያኔ በጣም የራባት መሰለኝ።

አትክልት ተራ ይዛኝ የምትሄደው አክስቴ ነበረች። እዚያ ስትሆን ደግሞ እንዴት እንደምጠላት ይጠፋብኛል። የባቄላውን እሸት ቀና አድርጋ ወደ ብርሃን ትይዘዋለች። ካሮቱን ከነቅጠሉ ታሸታለች። ዝኩኒው ላይ ጥፍሯን ታሳርፍና "ውሃ ካላወጣ አሮጌ ነው" ትላለች፤ ሻጮቹ ሲያዩዋት የደበቁትን ሣጥን ራሳቸው ያወጡላታል። "ለጋ ነገር ቶሎ ያልፋል" አለችኝ አንድ ጊዜ፣ የአተር እሸት እየመረጠች። "ዛሬ ያልተፈለፈለ አተር ከርሞ ቆሎ ነው።" ስለ አተር ብቻ የምታወራ መስሎኝ አንዱን ሰርቄ በላሁ። ስኳር ነበር።

አተሩን እንዲፈለፍል የሚታዘዘውም አባቴ ነው። በቀኙ። እሸቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ይዞ ወገቡን መስበር አለበት። መጀመሪያ ቀን ጎድጓዳው ሣህን ግርጌው ሳይሸፈን ምሳ ደረሰ። አንዷ ፍሬ አምልጣ ወለሉ ላይ ስትንከባለል ላነሳለት ብድግ አልኩ።

"ተያት" አለች አክስቴ። "አባትሽ ያነሳታል።"

አባቴ ጎንበስ ብሎ ያችን አተር ያሳድዳት ጀመር። አክስቴ ዓይኗን ሳትነቅል ካየችው በኋላ፣ ድስቱን ትታ ወደ ጓሮ ወጣች። ሹልክ ብዬ ተከተልኳት። ከልብስ ማጠቢያው ጎን ሁለት መዳፎቿን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ጭንቅላቷን በክንዶቿ መሐል ደፍታ ቆማለች። ጀርባዋ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳውን የምትገፋ ነው የመሰለኝ። አባቴን ማሠቃየት አልበቃ ብሏት ጉልበት እየተለማመደች ነው ብዬ ፈራሁ። ብዙ ቀን እዚያው ግድግዳ ላይ አይቻታለሁ። ሁልጊዜ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ፣ ድምጿ እንደ ቀድሞው ጠንክሮ ነው።

በመጨረሻ አባቴን ላስፈታው ወሰንኩ።

የሥራ ቦርሳው ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ተሰቅሎ ነበር። ውስጡ በለስላሳ ጨርቅ የተጠቀለለው ረጅሙ የፀጉር መቀስ አለ። እሱን መንካት በቤታችን ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው። አክስቴ አተር ልታጥብ ወደ ጓሮው ቧንቧ ስትወጣ ጠብቄ፣ ወንበር ላይ ቆሜ አወረድኩት። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሊጡ ላይ ተደፍቷል። ከኋላው ገብቼ ሻርፑን በመቀሱ ያዝኩት። ያንሸራትታል፤ በሁለት እጄ ጨመቅኩት። የእናቴ አበቦች አንድ በአንድ ተቆረጡና ሻርፑ ወለሉ ላይ ወደቀ። ግራ እጁ ተፈታ።

"አባባ፣ ሩጥ" አልኩት በሹክሹክታ።

አባቴ ዞረ። የተፈታውን እጁን አላየውም። ያየው መቀሱን ነው። ዓይኑ ሲፈጥ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲወጠር ትዝ ይለኛል። አፉ ተንቀሳቀሰ።

"በፀጉር መቀስ" አለ፣ ቃሎቹ እየተጠላለፉበት፣ ምላሱ እየከበደው፣ "በፀጉር መቀስ… ጨርቅ… አይቆረጥም።"

ከክረምት ጀምሮ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ሙሉ ንግግር ነበር። ለእኔ ግን ቁጣ ነበር፤ ላድነው መጥቼ ተቆጣኝ። ከንፈሬን ነክሼ መቀሱን ዘረጋሁለት። እሱም ለመቀበል እጁን ላከ። ግራው ነጻ ነበር፤ አጠገቡ ነበር። የመጣው ግን ቀኙ ነው። ሊጥ የተለጠፈባቸው ጣቶቹ በአየር ላይ እየተንቀጠቀጡ መጡና ቀለበቶቹን ፈለጉ። አውራ ጣቱ ገባ። ቀለበት ጣቱ ቆይቶ ገባ። መቀሱን ከፈተው፤ ዘጋው። ቸክ አለ። አባቴ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ድምፁን አዳመጠ፤ ደግሞም ቸክ አደረገው። ከዚያ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ግራ እጁን ራሱ ወደ ጎኑ ወሰደ።

"እሰሪኝ" አለኝ።

አልገባኝም። በዓይኑ ሻርፑን አሳየኝ። "እሰሪኝ፣ ሚጣ።"

የተረፈውን ቁራጭ ቀጣጥዬ፣ የጫማ ክር ለማሰር በተማርኩት ዓይነት ባለ ክንፍ ቋጠሮ አባቴን አሰርኩት። ቀና ስል አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች። ማጥለያውን ይዛለች፣ ከሥሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ጫማዋን ያርሳል። አባቴ የፈራት መሰለኝ፤ ኮቴዋን ሰምቶ ነው ራሱን ያሳሰረው አልኩ። ማጥለያውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ወደ ግድግዳዋ ሄደች። የዚያን ቀን ከወትሮው በጣም ቆየች።

ስትመለስ ቋጠሮውን አየችው። "ማነው ያሰረው?"

"እኔ።"

"ጥሩ ቋጠሮ ነው" አለች። የሻርፑን ነገር እናቴም ሆነች እሷ አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ሰው ሳይቀሰቅሰው ወጥ ቤት መግባት ጀመረ። ቃላት አንድ ሁለት እያሉ መጡ፤ አብዛኞቹ ከአክስቴ ጋር የሚጣላባቸው ነበሩ። "ዱቄቱ አነሰ" ይላታል። "አንተ ነህ ያፈሰስከው" ትለዋለች። እናቴ እየሰማች ልብስ ታጣጥፋለች፤ አንድ ሸሚዝ ደጋግማ ታጣጥፋለች።

አንድ እሑድ አክስቴ ሽርጧን ለአባቴ አጠለቀችለትና እሷ ከጠረጴዛው ራቀች። ሊጡን ብቻውን አሸ። መዳመጫውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ቀኙ እየዘገየ ስለሆነ ሊጡ ወደ አንድ በኩል ተንጋዶ እንደ ካርታ ተዘረጋ። ጠቅልሎ በቢላ ሲቆርጠው እስትንፋሳችን ይሰማ ነበር። አክስቴ በበኩሏ ለጋውን ሽንኩርት ከነአረንጓዴው ከትፋ በዘይት አለሰለሰች፤ ካሮቱን እንደ ክብሪት ቀጭን አድርጋ፣ ዝኩኒውን ከነአበባው፣ በመጨረሻ አተሩንና ባቄላውን ጨመረች። "አረንጓዴው ሳይደነግጥ፣ መልኩ ሳይጠወልግ ይውጣ" ትላለች። ፓስታው በፈላው ውሃ ውስጥ ገና ብቅ ከማለቱ አውጥታ መጥበሻው ውስጥ ገለበጠችው፤ ከተቀቀለበት ውሃ አንድ ጭልፋ ለቀቀችበትና አንዴ አገላበጠችው። ሽታው እስከ መንገድ የወጣ ይመስለኛል።

ሣህኑ ፊታችን ቀረበ። ሹካዬን አነሳሁ። እናቴ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ያዘችኝ።

አባቴ ሹካውን በቀኙ ይዞ ነበር። ያች ረጅም ፓስታ ሹካው ላይ ትጠመጠማለች፤ ወደ አፉ ስትደርስ ትፈታና ሣህኑ ላይ ትወድቃለች። ደግሞ ይጀምራል። ትወድቃለች። አገጩ በዘይት አብረቀረቀ። ማንም አልረዳውም፤ ማንም አልጎረሰም። አክስቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱን ታያለች። እንፋሎቱ ቆመ። እኔ እንባዬ ሊመጣ ነው፤ በረሃብ። እንዲህ ያለ ምግብ ሠርተው ለምን እንደሚያቀዘቅዙት አልገባኝም። ሕፃናትን ከሚያጎርሱበት ማንኪያ ጋር ለወራት የኖረ ሰው፣ ልጁ ፊት የራሱን ጉርሻ ወደ አፉ እየወሰደ እንደሆነ የነገረኝ የለም።

በመጨረሻ አንዲት ወፍራም ፓስታ ሁለት አተር አዝላ ገባች። አባቴ አላመጠ። ዋጠ።

"ላሙቀው?" አለች አክስቴ፣ አሁንም ወደ መስኮቱ።

"ተይው እትዬ" አለ አባቴ። "ጥሩ ነው።"

ቀዝቃዛውን በላን። እናቴ እየሳቀች ትበላለች፣ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ትጠርጋለች።

አክስቴ ልትሄድ በተዘጋጀችበት ጠዋት ወንበር አውጥታ ጓሮ መሐል ላይ አስቀመጠች። ሁልጊዜ ጠቅልላ የምታስረውን የራስ መሸፈኛ ፈታችው። ከሥሩ እስከ ወገቧ የሚደርስ፣ እንደ ገመድ የተጎነጎነ ፀጉር ወረደ፤ እንደዚያ ያለ ፀጉር አላት ብዬ አስቤ አላውቅም። አባቴን ጠርታ ተቀመጠች።

"ቁረጠኝ" አለችው።

"እትዬ፣ ይቅር። እጄ ገና ነው።"

"የሌላ ሰው ፀጉር ላይ ከሚማር የእህቱ ላይ ይማር። ወጥ ቤት ውስጥም ይሞቀኛል።"

አባቴ ቦርሳውን አመጣ፣ ጨርቁን አንገቷ ላይ አሰረላት፣ መቀሱን በቀኙ ያዘ። ጉንጉኑ መሬት ላይ ሲወድቅ ከባድ ድምፅ ነበረው። ቀሪውን ሲያስተካክል አንዱ ጎን አጠረ፤ እሱን ለማመጣጠን ሌላውን ቆረጠ፤ ያኛው አጠረ። ሲጨርስ አክስቴ ነፋስ የመታው ጎጆ መስላ ነበር። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አባቴ ተበቀላት። ያሰረችበትን ሁሉ በአንድ ጠዋት አወራረደ ብዬ ጓሮውን ዞርኩት።

ያን ፀጉር ከልጅነቷ ጀምሮ መቀስ እንዳልነካው፣ በወጣትነቷ በሠፈሯ በእሱ ትታወቅ እንደነበር፣ ማንም ሳያያት አልፎ አልፎ ፈትታ እንደምታየው እናቴ የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አክስቴ የዚያን ቀን መስታወቱን ተቀብላ ግራና ቀኟን አየችና "አሁን ሰው መሰልኩ" አለች። መሸፈኛዋን አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘናት። ራሷን ሳትሸፍን ነው የሄደችው። ሰው ዞር ብሎ ያያታል። ሻንጣ የሚጭነው ረዳት ወጣት ነበር፤ አይቷት መታገሥ አቃተው።

"እትዬ፣ ይህን ፀጉር የቆረጠው ሰውዬ አልታሰረም?"

አክስቴ አባቴን አየችው። "ታስሮ ነበር" አለች። "ተፈቷል።"

አባቴ ሳቀ። በአንድ ጎን ብቻ የሚከፈት ሳቅ ነበር፤ ድምፁ ግን የድሮው፣ ከመንገዱ መታጠፊያ የሚሰማው ነው። እናቴም ሳቀች። እኔ ብቻ የሚያስቀው ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ፀጉር ቤቱን ከፈተ። ምላጭ ግን ዳግመኛ አልያዘም፤ ፂም የሚላጭ ሰው ሲመጣ ሌላ ዘንድ ይልከው ነበር። እግሩ ውሎ አድሮ ተስተካከለ፤ አነጋገሩ እንደ ተጠላለፈ ቀረ፤ ደንበኞቹ ታሪኩ እስኪያልቅ የሚቀመጡት ግን ቀድሞ ከሚቀመጡት በላይ ነበር። አክስቴ ያንን ፀጉር መልሳ አላሳደገችውም። ጡረታ እስክትወጣም ከወጣች በኋላም፣ አተር ሲያሸት መጥታ ከሁሉ ቀድማ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች። "እንደ መጀመሪያው አድርገህ ቁረጠኝ" ትለዋለች። አባቴ ይሞክራል፤ ምላሱን ነክሶ፣ አንዱን ጎን ሊያሳጥር። ሲጨርስ ግን ፀጉሯ ሁልጊዜ እኩል ነው።